ቀጭኑ ተከዜ ለምን አይሰበርም? አባ ሳሙኤልስ እንደሱ ቢሠራ?

ጥያቄው የመጣው ከአቃቂ ነው። ጠያቂዋ እናት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ቤታችን አቃቂ፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ ነው። አባ ሳሙኤል ግድብም ቅርባችን ነው። ዘጠነኛ ክፍል የሆነው ልጄ የተከዜንና የሕዳሴን ግድብ ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። ‹እማዬ፣ ተከዜ ከሕዳሴ ከፍ ይላል፤ ግን ስስ ነው፣ ደግሞም ጎብጧል። ያ ሁሉ ውሃ ሲገፋው አይሰበርም?› አለኝ። መልስ አጣሁ። እኔም የራሴ ጥያቄ አለኝ። መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል። አባ ሳሙኤልን እንደ ተከዜ አድርገው ከፍ ቢያደርጉት ምን ነበረበት? ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ግድቡ ይፈርስብን ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅዎን አመስግኑልኝ። ዓይኑ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ፎቶ አይቶ ያልፋል። እሱ ግን ዋናውን ነገር አየ።

ተከዜ ከመሠረቱ እስከ አናቱ 188 ሜትር ነው። ሕዳሴ 145 ሜትር ነው። ስለዚህ ተከዜ ይበልጣል፤ ልጅዎ ልክ ነው። ርዝመታቸውን ስናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሕዳሴ ከዳር እስከ ዳር ወደ 1,780 ሜትር ይዘረጋል። ተከዜ አናቱ ላይ 420 ሜትር ብቻ ነው። አንዱ ሰፊ ሸለቆ ላይ ተዘርግቷል፤ ሌላው ጠባብ ገደል መሀል ተሰክቷል። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ውሃው እንዴት እንደሚገፋ እንይ። እዚህ ላይ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይስታል። ሐይቁ በሰፋ ቁጥር ግድቡ ላይ የሚያርፈው ጫና የሚጨምር ይመስለናል። አይጨምርም። የውሃ ግፊት የሚወሰነው በጥልቀት ብቻ ነው። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዷ ካሬ ሜትር 1 ቶን ያህል ትገፋለች። 100 ሜትር ጥልቀት ላይ 100 ቶን። ከኋላ ያለው ሐይቅ አምስት ኪሎ ሜትር ይርዘም ሁለት መቶ፣ ለግድግዳው ያው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ዛምቤዚ ወንዝ ላይ፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል የተሠራው ካሪባ ነው። ካሪባ ቅስት ግድብ ነው፤ እንደ ተከዜ የጎበጠ። የሚይዘው ውሃ 180 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ሕዳሴ 74 ቢሊዮን ነው የሚይዘው። ካሪባ እንግዲህ ከእጥፍ በላይ ይዞ ቆሟል ማለት ነው። የግድግዳው ውፍረት ታች መሠረቱ ላይ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 24 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1959 ተጠናቀቀ፤ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ታዲያ ሕዳሴ ለምን እንዲያ ወፈረ? ሕዳሴ የሚቆመው በክብደቱ ስለሆነ ነው። እኛ ግራቪቲ ግድብ የምንለው ዓይነት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.4 ቶን ያህል ይመዝናል። ውሃው ግድቡን ወደ ፊት ሊያንሸራትተው፣ አልፎም ሊገለብጠው ይታገላል። ግድቡ ደግሞ ከባድነቱን ይዞ መሬቱን ተጭኖ እምቢ ይላል። በዚያ ላይ ውሃ ተንኮለኛ ነው። በመሠረቱ ድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ ከግድቡ ሥር ይገባና ወደ ላይ ያነሳዋል። ያን ጊዜ የግድቡ ክብደት ከፊሉ ይበላል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ግድብ ከታች ውፍረቱ ከቁመቱ 70 እና 80 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይደረጋል። 145 ሜትር ቁመት ላለው ግድብ ከ100 ሜትር በላይ ውፍረት መሆኑ ነው። ሕዳሴ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የበላው ለዚህ ነው።

ልጅዎ ሂሳብ ከወደደ ይህችን ይሥራት። ግፊቱ አናት ላይ ዜሮ ነው፤ ታች 145 ቶን በካሬ ሜትር ነው። አማካዩን በቁመቱ ሲያባዛው ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር የግድብ ርዝመት 10,500 ቶን ያህል ያገኛል። ይህን የሚገፋ ኃይል በክብደት ብቻ ለማቆም ስንት ኮንክሪት እንደሚያስፈልግ ራሱ ይገምት።

ውፍረቱ ግን በከንቱ አይደለም። የግራቪቲ ግድብ እያንዳንዱ ሜትር ራሱን ችሎ ይቆማል። የጎረቤቱን ድጋፍ አይፈልግም፤ የዳርና ዳሩን ተራራም አያስቸግርም። ከሥሩ ጥሩ አለት ካገኘ ይበቃዋል። ሸለቆው የቱንም ያህል ቢሰፋ መቀጠል ይችላል። ሕዳሴ የተሠራበት የጉባ ሸለቆ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ወደ ተከዜ እንምጣ። ተከዜ ጉብታውን ለውሃው ሰጥቶ ነው የቆመው። ውሃው ሲገፋው ቅስቱ ይጨመቃል። የተጨመቀው ኃይል በቅስቱ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄድና ሁለቱን የገደል ግድግዳዎች ይገፋል። ኮንክሪት ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል። ሲጨምቁት ጎበዝ ነው፤ ሲስቡት ይሰነጠቃል። የመጨመቅ አቅሙ ከመሳብ አቅሙ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ቅስቱ ይህን ጠባይ አውቆ ነው ኃይሉን ሁሉ ወደ መጨመቅ የሚለውጠው። ተከዜ ላይ ጉብጠቱ ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ብቻ አይደለም፤ ከጎን ሲያዩትም ሆዱን ገፋ ያደረገ ነው። በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ስለሆነ ኮንክሪት ይበልጥ ይቆጥባል።

ለልጅዎ እቤት የሚሠራ ሙከራ ልስጠው። ከብስኩት ካርቶን ላይ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ይቁረጥ። ሁለት ወፋፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። መጀመሪያ ካርቶኑን ቀጥ አድርጎ መጽሐፎቹ ላይ እንደ ድልድይ ያጋድመው፤ መሀሉን በጣቱ ይጫነው። ወዲያው ይሰምጣል። ቀጥሎ ያንኑ ካርቶን አጉብጦ በሁለቱ መጽሐፎች መካከል ያስገባው፤ ጫፎቹ መጽሐፎቹን ይንኩ። አሁን ጉብታውን ከላይ ይጫነው። ይቋቋማል፤ ያው ካርቶን ነው። ሦስተኛውን ግን እንዳይዘለው። እየተጫነ ሳለ አንዱን መጽሐፍ በትንሹ ይግፉለት። ካርቶኑ እልም ብሎ ይተኛል። አልተቀደደም፣ አልተሰበረም። የሄደው መጽሐፉ ነው።

የቅስት ግድብ ነገር ሁሉ እዚያ ሦስተኛው ሙከራ ውስጥ ነው። ፎቶ ላይ ግድግዳውን ብቻ የሚያይ ሰው ትልቁን ነገር አያይም። እኔ የቅስት ግድብ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ግድቡ ከገደሉ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ነው። ጫናውን የሚሸከመው እዚያ ያለው አለት ነው።

እንዲያው በግምት እንዳይመስል ቁጥሩንም ላሳይ። የቅስት ውፍረት በመጀመሪያው ስሌት እንዲህ ይገኛል፦ የውሃው ግፊት በቅስቱ ራዲየስ ይባዛል፣ ኮንክሪቱ በደህና ሊሸከም ለሚችለው ጫና ይካፈላል። 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ 100 ቶን ነው። ራዲየሱ 150 ሜትር ይሁን። ለኮንክሪቱ በካሬ ሜትር 500 ቶን እንፍቀድለት። 30 ሜትር ይወጣል። እዚያው ቁመት ላይ ግራቪቲ ግድብ 75 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ቅስቱ ከግማሽ በታች በሆነ ውፍረት ሥራውን ጨረሰ። አሁን ሸለቆው ሰፊ ነው እንበልና ራዲየሱን 450 ሜትር እናድርገው። ውፍረቱ 90 ሜትር ሆነ። ከግራቪቲውም በለጠ። ቅስትነቱ ምንም አልጠቀመም።

ለዚህ ነው መሐንዲስ ቦታ ሲመርጥ የግድቡን ርዝመት ለቁመቱ የሚያካፍለው። ያስቀመጥናቸውን ቁጥሮች እናምጣ። ተከዜ 420 ለ188 ሲካፈል 2.2 ነው። ሌሶቶ ውስጥ ያለው ካትሴ ቅስት ግድብ፣ 710 ሜትር ርዝመትና 185 ሜትር ቁመት ያለው፣ 3.8 ይሆናል። ካሪባ በ4 እና በ5 መካከል ነው። ከ5 ወይም ከ6 በላይ ሲሄድ ቅስት የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሕዳሴ ከ12 በላይ ነው። ስለዚህ «ሕዳሴን ለምን ቀጭን አድርገው ብር አልቆጠቡም?» ብሎ የሚጠይቅ ቢያጋጥምዎ መልሱ ይኸው ነው፤ ቦታው አይፈቅድም። «ተከዜስ ለምን ወፍራም አልሆነም?» ላለ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ገደል ተገኝቶ በኮንክሪት ተራራ መሙላት ምን ያደርጋል?

ተከዜ ከላስታ በኩል ተነስቶ ያን ጥልቅ ገደል ቆፍሮ የሚሄድ ወንዝ ነው። ወደ ሱዳን ሲቃረብ ሰቲት ይባላል፤ ኋላም ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። ግድቡ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ በአፍሪካ ካሉት ቅስት ግድቦች ሁሉ በቁመት ቀዳሚው ሆነ፤ ካትሴን በጥቂት ሜትር በልጦ። ከኋላው ያለው ሐይቅ 9.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ማመንጫ ቤቱ ከመሬት በታች፣ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። እያንዳንዳቸው 75 ሜጋ ዋት የሆኑ አራት ተርባይኖች አሉት፤ በድምሩ 300 ሜጋ ዋት።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። «አይሰበርም ወይ?»

ታሪክ ውስጥ የወደቀ ቅስት ግድብ አለ። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ማልፓሴ የሚባል። 66 ሜትር ቁመት ነበረው። በጣም ቀጭን ነበር፤ አናቱ ላይ 1.5 ሜትር፣ ታች ከ7 ሜትር ያነሰ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1959 ማታ፣ ከባድ ዝናብ ሐይቁን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አፉ ሞልቶት ሳለ፣ በአንድ ጊዜ ሄደ። 423 ሰው ሞተ። ሁሉም ኮንክሪቱን ነበር የጠረጠረው። ሲመረመር ኮንክሪቱ ደህና ነበር። የሄደው በግራ በኩል ያለው አለት ነው። ውሃ በድንጋዩ ንጣፎች መካከል ገብቶ ግፊት ፈጠረ። ከሥሩ ደግሞ ያልታወቀ የመሬት ስንጥቅ ነበር። አለቱ ሲንሸራተት ቅስቱ የሚደገፍበት አጣ። ልጅዎ መጽሐፉን ሲገፉበት የሚያየው ነገር ነው።

ሌላው የባሰ ነው፤ ግን ትምህርቱ ይለያል። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ቫዮንት የሚባል ቅስት ግድብ አለ። 262 ሜትር ቁመት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1963 ማታ፣ ከሐይቁ ዳር ያለው ተራራ አንድ ጎኑ ተንዶ ውሃው ውስጥ ገባ። 260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አፈርና ድንጋይ። ውሃው ግድቡን ዘሎ ታች ያለችውን ሎንጋሮኔ ከተማ ጠረገ። ወደ 2,000 ሰው አለቀ። ግድቡስ? ግድቡ አልወደቀም። ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ ከኋላው ግን ሐይቅ የለም። ያን ያህል ማዕበል በላዩ አልፎበት ቀጭኑ ግድግዳ አናቱ ላይ ትንሽ ከመቆራረስ በቀር ምንም አልሆነ። ለእኔ ለቅስት ግድብ ጥንካሬ ከዚህ የሚበልጥ፣ ከዚህም የሚመር ማስረጃ የለም።

ስለዚህ የባለሙያ ዕንቅልፍ የሚነሳው ተራራው ነው። ተከዜ ላይም ግንባታው ሳያልቅ በ2000 ዓ.ም. ትልቅ የመሬት መንሸራተት አጋጥሞ፣ ዳገቱን የሚይዙ ግዙፍ የድጋፍ ግንቦች መጨመር ግድ ሆኗል። ሥራውን አዘገየው፤ ወጪም ጨመረ። በወቅቱ ብዙ ሰው በመዘግየቱ ተማርሯል። እኔ ግን ውሃው ከሞላ በኋላ ከሚመጣ፣ ያን ጊዜ መምጣቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

አለቱን እንዴት ያክሙታል? ጉድጓድ በጉድጓድ ይበሱታል። በየጉድጓዱ ሲሚንቶና ውሃ ተበጥብጦ በከፍተኛ ግፊት ይገባል፤ ግራውት እንለዋለን። ስንጥቁን ሁሉ እየሞላ ከግድቡ ሥር የማይታይ መጋረጃ ይሠራል። ከመጋረጃው በስተኋላ ደግሞ ሌላ ረድፍ ጉድጓድ ይበሳል፤ ይሄኛው ክፍት ሆኖ ይቀራል። አምልጦ የመጣው ውሃ ግፊት ሳይፈጥር በዚያ እንዲወጣ ነው። የማልፓሴ ሰዎች ይህ ቢኖራቸው ኖሮ የሚል ቁጭት በሙያው ውስጥ እስካሁን አለ።

ግድቡ ሆድ ውስጥ መተላለፊያ አለ፤ ጋለሪ ይባላል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንደ ልብ የማያስኬድ፣ ርጥብ፣ ቀዝቀዝ ያለ ኮሪደር ነው። እዚያ ውስጥ ከግድቡ አናት ጀምሮ የተንጠለጠለ ቀጭን ሽቦ ያያሉ። ጫፉ ላይ የታሰረለት ክብደት ዘይት በሞላው በርሜል ውስጥ ጠልቆ ይንጠለጠላል፤ እንዳይወዛወዝ ነው። ሽቦው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የሚንቀሳቀሰው ግድቡ ነው። አዎ፣ ይንቀሳቀሳል። ሐይቁ ሲሞላ መሀሉ ወደ ፊት በሴንቲ ሜትሮች ይገፋል፤ ውሃው ሲጎድል ይመለሳል። ሽቦው አጠገብ ያለው መሣሪያ ይህን ከሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን ይለካል። መንቀሳቀሱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ዘንድሮ ከአምናው የተለየ መንገድ ከያዘ ነው።

ከሽቦው ይልቅ እኔ የምወደው ግን ወለሉ ላይ ያለውን ቦይ ነው። የሰረገው ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ በቦዩ ይመጣና የሦስት ማዕዘን ቅርጽ በተቆረጠለት ብረት ላይ ያልፋል። የውሃው ከፍታ ሲለካ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሰርግ ይታወቃል። ግድብ ሁሉ ይሰርጋል፤ የማይሰርግ ግድብ አላውቅም። ቀለሙን ማየት ነው ዋናው። ውሃው ኩልል ብሎ የጠራ ከሆነ እሰየው። ከደፈረሰ ግን ከሥር አንድ ነገር እየታጠበ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አለቃ ይቀሰቀሳል።

ከጥያቄዎ ትንሽ ወጣ ልበልና አንድ ነገር ልጨምር፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ቅስት ግድብ ሲገነባ ገና ቅስት አይደለም። ሲሚንቶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ በአንድ ጊዜ ቢሞላ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ ያልቃል። ስለዚህ ለየብቻ በቆሙ ብሎኮች ይሠራል። በየብሎኩ ውስጥ ቱቦ ተዘርግቶ ቀዝቃዛ ውሃ ይመላለስበታል። ብሎኮቹ ቀዝቅዘው ከተኮማተሩ በኋላ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት በግራውት ይሞላል። ጎን ለጎን የቆሙት ዓምዶች አንድ አካል ሆነው መደጋገፍ የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥስ? በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ስለተሰማ መጠየቅዎ አይቀርም። ቅስት ግድቦች በዚህ በኩል ታሪካቸው ጥሩ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓኮይማ የሚባል 113 ሜትር ቅስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1994 በከባድ መንቀጥቀጥ ተመትቶ ቆሟል። ጉዳት የታየው የት ነበር? ግድቡ ከግራው ተራራ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ። አሁንም ወደ ተራራው ተመለስን።

እሺ፣ አባ ሳሙኤል። እዚህ ላይ ቅር እንዳይልዎ እሰጋለሁ።

አባ ሳሙኤል በአገራችን ከቀደሙት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለረጅም ዓመታት ቆሞ ከከረመ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ተከዜ ከእሱ 45 እጥፍ ያመነጫል። ግን ልዩነቱ በግንቡ ቅርጽ የመጣ አይደለም። ኃይል የሚሰጠው የውሃው ብዛትና የሚወድቅበት ከፍታ ነው። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 10 ሜትር ቢወድቅ 90 ኪሎ ዋት ገደማ ይገኛል። ግንቡን 10 ሜትር ከፍ አደረግን፣ በዓመት በአማካይ በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ውሃም አገኘን እንበል። ትርፋችን 900 ኪሎ ዋት ነው። አንድ ሜጋ ዋት እንኳ አልሞላም።

ለዚች ትርፍ የሚከፈለው ደግሞ ብዙ ነው። የአቃቂን ሜዳ ያውቁታል። ለጥ ያለ ነው። ውሃው 10 ሜትር ከፍ ቢል እርሻውን፣ መንገዱን፣ ምናልባትም የሰው ቤት ይዞ ይተኛል። ቅስት ግድብ የሚደገፍበት ገደልም የለም። ጥቁሩ መረሬ አፈር ደግሞ ክረምት አብጦ በጋ የሚሰነጠቅ ነው፤ የቅስት ጫፍ የሚያሳርፉበት አይደለም።

የአባ ሳሙኤል ችግር ሌላ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የከተማውን ጉድ ሁሉ ይዘው የሚገቡት እሱ ውስጥ ነው። ደለሉ፣ የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የቤቱ ቆሻሻ፣ ፕላስቲኩ። ላዩን እምቦጭ ይሸፍነዋል፤ ሥሩን ደለል ይሞላዋል። ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይይዝም። እኔ ገንዘቡ ቢሰጠኝ አንዲት ድንጋይ ሳልጨምር ከላይ ያለውን ተፋሰስና ፍሳሹን ነበር የማክመው።

መብራት መጥፋቱንም በዚሁ ልመልስ። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ኃይል ለአቃቂ ብቻ አይመጣም፤ ከሌሎቹ ጋር ወደ አንድ መረብ ነው የሚገባው። ግድብ አጠገብ መኖር መብራት አያስበራም። አገሪቱ ለጎረቤት አገሮች ኃይል እየሸጠች ሰፈርዎ የሚጨልም ከሆነ፣ ጉድለቱን ማመንጫው ላይ ሳይሆን ከማመንጫው እስከ ቤትዎ ባለው መንገድ ላይ መፈለግ ነው። ለመቶ ቤት የተተከለ ትራንስፎርመር ለሦስት መቶ ቤት ምጣድና ለሁለት ብየዳ ቤት ሲሠራ ይቃጠላል። ምሰሶ ያጋድላል። ሽቦ ይረግባል። ይሄ የግድብ መሐንዲስ የሚፈታው አይደለም።

የመጨረሻው ስለ ክረምቱ ነው፤ ይሄንን በደንብ ያንብቡልኝ። ግድብ የሚያሰጋው ከበታቹ ያለውን ሰው ነው። አቃቂ ከተማ ግን ከአባ ሳሙኤል በላይ ነው። ውሃው በእናንተ በኩል አልፎ ነው ወደ እሱ የሚሄደው፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። ስለዚህ አባ ሳሙኤል አይበለውና አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ውሃው ወደ ኋላ ዳገት ወጥቶ አይመጣባችሁም።

የእርስዎ ስጋት መሆን ያለበት ከላይ የሚመጣው ነው። ከተማው አስፋልትና ኮንክሪት ሲለብስ ዝናቡ መሬት ውስጥ መግባቱን ትቶ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ድሮ ቀስ ብሎ የሚደርስ ጎርፍ ዛሬ ቶሎ ይደርሳል። በዚያ ላይ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች በትልቁ አቃቂ ገባሮች ላይ ናቸው። ሲሞሉ ትርፉን መልቀቅ ግዴታቸው ነው። ሲለቀቅ ለታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ ማስጠንቀቂያ ይነገራል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ጆሮዎን እዚያ ላይ ያድርጉ። ሰማዩ በእናንተ በኩል ጥርት ብሎ ሰንዳፋ ላይ ሊዘንብ ይችላል። የወንዙ ውሃ ድንገት ከደፈረሰና ቅርንጫፍ ይዞ መውረድ ከጀመረ ልብስ አጣቢውም፣ ከብት የሚያጠጣውም፣ ኳስ የሚጫወተው ልጅም ያንኑ ደቂቃ ከዳር ይውጣ። መሻገሪያው ላይ ውሃ ካለፈበት ደግሞ ጉልበት ድረስ ነው ብለው እንዳይገቡ፤ በባጃጅም በመኪናም ቢሆን። ቤትዎ በእርግጥ ወንዙ አፋፍ ላይ ከሆነ፣ ወረዳው ጋ ሄደው የጎርፍ ስጋት ካለባቸው ቤቶች ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖርዎን ይጠይቁ። ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ቢሄዱ ይሻላል።